ነርሷ ልዕልት ፀሐይ

አዲስ አበባ ደርሰን የተመለስን አባላት ጦር ኃይሎች የሚባለውን ሰፈር እናውቀዋለን። ሰፈሩ ስሙን ያገኘበት ሆስፒታል ቀድሞ የሚጠራው በአንዲት ሴት ስም ነበር፤ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። የእሳቸውን ታሪክ ለዚህ እትም የመረጥነው ሕይወታቸውም ሞታቸውም ስለ እናቶች ጤና የሚያስተምረን ስላለ ነው።

ልዕልት ፀሐይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። የጣሊያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ፣ ገና 16 ዓመት ገደማ ሳሉ፣ ከእናታቸው ጋር ሆነው ሴቶችን አስተባብረው ለዘማቹ ፋሻና ልብስ ያዘጋጁ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ ገቡ። በስደት አገር የመረጡት ሥራ ነርስነት ነው። ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። ከዚያም ጋይስ በሚባለው ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ። በዚያን ዘመን ለአንዲት የንጉሥ ልጅ የታማሚ አልጋ ማንጠፍና ቁስል ማጠብ የተለመደ ነገር አልነበረም።

ሀገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ተመለሱ። ኋላ ጄኔራል የሆኑትን አቢይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ስለተሾሙም አብረው ነቀምት ወረዱ። እዚያው ሳሉ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሕይወታቸው አለፈ። ዕድሜያቸው 22 ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበሩ፤ ባላቸው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ነበሩ፤ ራሳቸውም የተማሩ ነርስ ነበሩ። ይህ ሁሉ አላዳናቸውም። የእርግዝናና የወሊድ አደጋ ድሃና ሀብታም አይለይም፤ በክብርም አይመለስም።

ከሞታቸው በኋላ ሲልቪያ ፓንክረስት የተባሉት እንግሊዛዊት የኢትዮጵያ ወዳጅ በሀገራቸው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ መታሰቢያ ሆስፒታሉም በ1940ዎቹ ተከፈተ። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ አዋላጆችን ለማሠልጠን ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። እዚያም ለቀናት አምጠው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያልቻሉ፣ ከሰው የተገለሉ የፊስቱላ ታማሚዎች አገኟቸው። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ከዚህ ሥራ ተነሥተው ነው። ዛሬ ከሜጋ ወደ ሐዋሳ አቅጣጫ ስንጓዝ ይርጋለም ላይ የዚሁ ሆስፒታል ማዕከል አለ፤ ሕክምናው በነጻ ነው። በየኦላው ተደብቃ የምትኖር እህት ካለች ይህን እንንገራት።

ከሜጋ እስከ ያቤሎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሩቅ ኦላ ለምትነሣ እናት ደግሞ አስፋልት እስክትደርስ ያለው መንገድ ይጨመራል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ ደም መፍሰስ ግን ሰዓታት እንኳ ላይጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ስትሆኑ ክትትል በጊዜ ጀምሩ። መንገዱ ሩቅ ከሆነ፣ ወሩ ሲገባ ጤና ጣቢያ አጠገብ ወዳለ የእናቶች ማቆያ ቀድማችሁ ሂዱ። ደም ከፈሰሰ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዐይን ከደበዘዘ ወይም ሰውነት ካንቀጠቀጠ፣ የባል ወይም የአማት ፈቃድ ሳይጠበቅ አምቡላንስ ይጠራ።

ከወለዳችሁም በኋላ አራስነት እረፍት ብቻ አይደለም። አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ቤት ለመመለስ አትቸኩሉ። በ3ኛው ቀን፣ በመጀመሪያው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት እናትም ሕፃንም ይታዩ። ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም።

በገንዘብ የምትደግፉን ወዳጆቻችንም ይህን እወቁልን፦ ለአንዲት ምጥ ለያዛት እናት የመኪና ኪራይ በጊዜ መገኘቱ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ነው። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሆነው ሆስፒታል የተሠራው ከሞቱ በኋላ ነው። እኛ ግን እናቶቻችንን በሕይወት ሳሉ እንድረስላቸው።