ማዳም ኩሪና የራጅ አውቶሞቢሎቻቸው

ወደ ሆስፒታል ሄዶ የራጅ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ባለሙያው በሽተኛውን በጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ካስተኛና እንዳይነቃነቅ ካዘዘ በኋላ፣ ራሱ ፈጠን ብሎ እርሳስ ከተለበጠ መከለያ ጀርባ መግባቱ ነው። ምናልባት ፈርቶ ሸሸ ብለን በልባችን ስቀንበት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ልማድ በብዙ ሰዎች ሕይወት የተገዛ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ከእነዚያ ሰዎች ስለ አንዲቱ፣ ስለ ማዳም ማሪ ኩሪ፣ ለአንባብያን ልናወጋ አስበናል። የራዲየምን መገኘት ተማሪዎቻችን በትምህርት ቤት ስለ ሰሙት እርሱን በአጭሩ አልፈን፣ በጦርነት ጊዜ ወደ ፈጸሙት ሥራ እናመራለን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ማዳም ኩሪ በ1867 በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ማሪያ ስክሎዶቭስካ ነበር። ዋርሶ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፤ ለሴት ልጅም የዩኒቨርሲቲ በር የተዘጋ ነበር። ስለዚህ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆነው ብዙ ዓመት ካገለገሉ በኋላ በ1891 ወደ ፓሪስ ሄደው ሶርቦን ገቡ። በ1895 ፒዬር ኩሪን አገቡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ጀርመናዊው ሮንትገን የራጅን ጨረር አገኘ። ባልና ሚስቱ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ፤ በ1903ም የኖቤልን ሽልማት ከቤክሬል ጋር ተካፈሉ። ፒዬር በ1906 በፓሪስ መንገድ ላይ በፈረስ ጋሪ ተድጠው ሞቱ። ማዳም ኩሪ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን እያሳደጉ ሥራውን ቀጠሉ፤ በ1911 ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማት ለብቻቸው ተቀበሉ።

በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ አንዱን ግራም ራዲየማቸውን በከባድ የእርሳስ ሣጥን ከተው፣ ጠላት እንዳያገኘው በባቡር ወደ ቦርዶ ወሰዱት። ከዚያም ብዙ ሰው ከፓሪስ ሲሸሽ እሳቸው ወደ ፓሪስ ተመለሱ።

በዚያን ጊዜ የራጅ መሣሪያ የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። በጦር ግንባር የሚሠራው ሐኪም ጥይቱ ወይም የመድፉ ፍንጣሪ ከየት እንደ ተቀበረ ሳያውቅ በግምት ሥጋ ይቆርጥ ነበር። ጭኑ የተሰበረውን ወታደር ወደ ከተማ መላክ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። በቃሬዛ፣ በጋሪ፣ በባቡር እየተንገጫገጨ ሲጓዝ የተሰበረው አጥንት ሥጋውን ይበላዋል፣ የቆመው ደም እንደ ገና ይፈሳል። ማዳም ኩሪ ይህን አይተው ነገሩን ገለበጡት፤ ቁስለኛው ወደ መሣሪያው ከሚሄድ መሣሪያው ወደ ቁስለኛው ይሂድ አሉ። ሐሳቡ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ በ1914 ግን ለጦር ሹማምንቱ ቶሎ የሚዋጥ አልነበረም።

ከባለጸጎች አውቶሞቢል እየለመኑ፣ ፋብሪካ እየዞሩ መሣሪያ እያሰባሰቡ የመጀመሪያውን የራጅ አውቶሞቢል አዘጋጁ። በሞተሩ ኃይል የሚዞር ባለ 110 ቮልት ዲናሞ፣ የጨረሩ ቱቦ ከነማቆሚያው፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ጥላ የሚታይበት ሰሌዳ፣ ጥቁር መጋረጃና የፎቶግራፍ መስተዋቶች ነበሩበት። አውቶሞቢሉ ከሜዳው ሆስፒታል ሲደርስ አንድ ክፍል በመጋረጃ ይጨልማል፤ ሽቦው በመስኮት ይገባል፤ ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሣል። ከዚያ በኋላ ቁስለኞቹ በቃሬዛ አንድ ባንድ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ብንናገር አንባቢ አይሰለች። የፍንጣሪውን ጥልቀት ለማወቅ ከቁስለኛው ገላ በታች ባለው መስተዋት ላይ አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቀጥሎ ቱቦው በተለካ ርቀት ወደ ጎን ይዛወርና ሁለተኛ ይነሣል። ፍንጣሪው ከመስተዋቱ በራቀ መጠን ጥላው አብዝቶ ስለሚዛወር፣ የሁለቱን ጥላ ርቀት ለክቶ ጥልቀቱን በሒሳብ ማውጣት ይቻላል። እንግዲህ የሚንቀሳቀሰው ቱቦው እንጂ ቁስለኛው አይደለም። በመካከሉ ገላው አንድ ጣት ያህል ቢዛወር ሒሳቡ ከንቱ ይሆናል፤ ቢላዋውም ባልሆነ ሥፍራ ያርፋል። ስለዚህ ሰውየውን ከቃሬዛ ወደ ጠረጴዛ ሳያሳምሙ ማውረድና ያለ ጭንቀት ጸጥ ብሎ እንዲተኛ ማድረግ ከሥራው ዋና ክፍል የሚቆጠር ነበር። መሣሪያውን ፈርቶ ያመኛል ወይ እያለ ለሚጠይቅ ወታደር ማዳም ኩሪ ታግሠው ያስረዱት ነበር።

በጠቅላላው ወደ 20 የሚሆኑ አውቶሞቢሎችና 200 ያህል ቋሚ የራጅ ክፍሎች በእሳቸው ጥረት ተቋቋሙ፤ የተመረመረው ቁስለኛ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ባለሙያ በማነሱ ከ1916 ጀምሮ በፓሪስ 150 ያህል ሴቶችን አሠለጠኑ፤ በዚሁ ዓመት ራሳቸው የመንጃ ፈቃድ አወጡ። አንድ ጊዜ በ1915 አውቶሞቢሉ ከቦይ ተገልብጦ ሣጥኖቹ ሁሉ ወርደውባቸው ነበር። የተጨነቁት ግን ለመስተዋቶቹ መሰበር ነው ይባላል። ታላቋ ልጃቸው ኢሬን ገና በ17 ዓመቷ ረዳታቸው ሆና በየግንባሩ ትሠራ ነበር።

አሁን ወደ መከለያው ነገር እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የራጅ ሠራተኞች ቱቦው በደንብ መሥራቱን ለማወቅ የገዛ እጃቸውን ከጨረሩ ፊት ይዘረጉ ነበር። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በዚህ ሥራ እጆቹን አጥቶ በ1904 ሞተ። ስለዚህ አደጋው በጦርነቱ ጊዜ ያልታወቀ አልነበረም፤ የእርሳስ ሽርጥና ጓንትም ተሠርቷል። ዳሩ ግን ጨረሩ በቁስለኛው ገላ ላይ አርፎ በየአቅጣጫው ስለሚበተን፣ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛው አጠገብ የቆመ ሰው እጁን ቢሸፍንም አያመልጥም። ከቱቦው ጋር የተያያዙት ሽቦዎችም ዛሬ እንደምናያቸው የተሸፈኑ አልነበሩም፤ በጨለማ የነካቸው ወዮለት።

ማዳም ኩሪ በላቦራቶሪያቸው ተማሪዎቹን በጥብቅ ያዝዙ ነበር። ራዲየም ያለበትን ቱቦ በመቆንጠጫ እንጂ በጣት እንዳይነኩ፣ በእርሳስ መከለያ እንዲጠቀሙ ይቆጣጠሯቸዋል። ለራሳቸው ግን ትእዛዙን አይጠብቁም ነበር፤ የደም ምርመራውንም በቸልታ ያልፉታል። ክብራቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ በዚህ ነገር እንወቅሳቸዋለን። ተማሪ አለቃው የሚለውን ከሚሰማ የሚያደርገውን ያያልና።

በ1928 የራጅ ሐኪሞች በስቶክሆልም ተሰብስበው ከራጅና ከራዲየም ስለ መጠበቅ ደንብ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አቋቋሙ። ለማዳም ኩሪ ግን ዘግይቶ ነበር። ጣቶቻቸው ተቃጥለው ደንድነዋል፣ ዓይናቸውም ለብዙ ጊዜ ታውኮ ነበር። በመጨረሻም መቅኔያቸው ደም መሥራት ስላቆመ በ1934 በአልፕስ ተራራ በሚገኝ አንድ የሕሙማን ማረፊያ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ኢሬንም በ1956 በደም ነቀርሳ ሞተች።

በ1995 የፈረንሳይ መንግሥት የባልና ሚስቱን አጽም ወደ ፓንቴዎን ለማዛወር መቃብሩን አስከፈተ። የጨረር ተቆጣጣሪዎች ለሠራተኞቹ ደኅንነት አስቀድመው መሣሪያ ይዘው ገቡ። የማዳም ኩሪ ሣጥን በውስጡ እርሳስ የተለበጠ ሆኖ ተገኘ፤ የተለካው ጨረር ግን እንደ ተፈራው ብዙ አልነበረም። ሊቃውንቱም ከዚህ ተነሥተው፣ ለሞት ያበቃቸው ከራዲየሙ ይልቅ በጦርነቱ ጊዜ ከቁስለኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው የተቀበሉት የራጅ ጨረር ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ።