የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

ሰው ለአገሩ ከሚሠራው በጎ ሥራ ሁሉ ልጆችን ሰብስቦ እንደ ማስተማር ያለ ፍሬው የሚቆይ የለም። ስለዚህም የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ለካህናትና ለምእመናን በአጭሩ ማስታወስ የተገባ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በ1860 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉ ጊዜ፣ ገና ሕፃን ሳሉ ከዘመዶቻቸው ተለይተው ተገኙ። አንድ የእንግሊዝ መኰንንም ወደ ህንድ አገር ወሰዳቸው። በዚያ በባዕድ እጅ አድገው፣ በረዷቸው መኰንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። ሕክምናን በላሖር ተምረው በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አስፋፉ፤ በበርማም በሐኪምነት አገለገሉ።

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1890ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ወደ አገራቸው ሲመጡ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ፈጽመው አጥተውት ነበር። ነገር ግን አያታቸው በሰውነታቸው ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው፤ ስማቸውም ተመለሰላቸው። ከዚህ በኋላ እየሄዱ እየተመለሱ ቆይተው፣ በመጨረሻ ጠቅልለው ገቡ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በገንዘባቸው ያሠሩት ትምህርት ቤት በ1917 ዓመተ ምሕረት ሲከፈት፣ የበላይ ሹም ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። ዕድሜያቸውም ወደ 60 ዓመት ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ወላጅ ልጄ የውጭ ቋንቋ ቢማር ሃይማኖቱን ይለውጣል እያለ ይሠጋ ነበር። የትምህርት ቤት ሹም ሥራም መምህር ማምጣትና ደንብ ማውጣት ብቻ ሳይሆን፣ የወላጅን እምነት ማግኘት ጭምር ነው። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ከሚማሩበት ከዚህ ቤት የወጡት ልጆች ኋላ በመንግሥት ሥራ ብዙ አገልግለዋል።

ሐኪሙ ግን የመኳንንትን ልጆች ብቻ አላሰቡም። ነጻ የወጡ ባሮች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም እንዲቆም አድርገዋል፤ ጂኦግራፊንም በአማርኛ ጽፈው አሳትመዋል። ኋላም ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ በተሾሙ ጊዜ የተማሩ ወጣቶችን በሥራ አሰማሩ።

ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ደከሙ። በ1929 ዓመተ ምሕረት ግን፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በጠላት እጅ ተገደሉ። የሰውን ልጆች ሲያስተምሩ የኖሩት አባት የራሳቸውን ልጆች እንዲህ አጡ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ።

እንግዲህ በሕፃንነቱ አገሩንና ቋንቋውን ያጣ ሰው ለአገሩ ልጆች ይህን ያህል ከደከመ፣ በአገራችን ተወልደን በአባቶቻችን ቋንቋ ያደግን እኛማ ምን ያህል ልንተጋ ይገባናል! በየደብሩ ልጆችን ፊደል የሚያስቈጥር መምህርም ሥራውን አያሳንስ፤ የሚዘራው ዘር ከዕድሜው በኋላ ይታጨዳልና።