ለሃያ ዓመት ብቻ የተፈቀደ ማማ

ከሳን ፍራንሲስኮ በቤይ ብሪጅ ተሻግሮ ወደ ኦክላንድ የሚመጣ ሰው በስተቀኙ የወደቡን ክሬኖች ያያል። አራት እግር ያላቸው፣ አንገታቸውን ወደ ባሕሩ የዘረጉ የብረት ግመሎች ይመስላሉ። የከተማችን ምልክት ሆነው በቲሸርት ላይ ሳይቀር ይታተማሉ። ግን ማንም ለጌጥ ብሎ አልተከላቸውም። የመጀመሪያው የኮንቴይነር ክሬን በ1959 የቆመው እዚሁ ጎረቤታችን አላሜዳ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ መርከቦቹ እየገዘፉ ሲመጡ፣ ያነሰው ክሬን እየተነቀለ በትልቅ ይተካል። ሥራው ካበቃ አበቃ።

የዓለማችን ዝነኛ የብረት ማማ ግን ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ተሠራ፣ ጥቅሙ በኋላ ተፈለገለት። የፈለገለትም ራሱ የሠራው ሰው ነው። ስለዚያ ሰው ላጫውታችሁ ያሰብኩት፣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ከሥራ የተቀነሱ ወይም ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ዲግሪ መሳቢያ ውስጥ የቀረባቸው ወገኖቼ እየበዙብኝ ስለሆነ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጉስታቭ ኤፍል በ1832 ፈረንሳይ፣ ዲዦን ከተማ ተወለደ። የቤቱ ገቢ የቆመው በእናቱ የድንጋይ ከሰል ንግድ ላይ ነበር። ልጁ የተመኘውን ዝነኛ ኮሌጅ ፈተና ወድቆ ሌላ ትምህርት ቤት ገባና በ1855 በኬሚስትሪ ተመረቀ። የአጎቱን ፋብሪካ ይረከባል ተብሎ ሲጠበቅ ቤተሰቡ ተጣላ፤ ያም ቀረ። እንግዲህ የብረት ሊቅ የምንለው ሰው ወደ ብረት የገባው ሁለት በር ተዘግቶበት ነው።

አንድ የባቡር መሐንዲስ ዘንድ ተቀጠረ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የቦርዶን የባቡር ድልድይ ግንባታ መራ። በ1866 ፓሪስ አጠገብ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ፖርቱጋል ውስጥ በፖርቶ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በጋራቢ የሠራቸው ድልድዮች ስሙን አስጠሩት። ኒውዮርክ ያለችው የነፃነት ሐውልት ውስጧ ያለው የብረት አጽምም የእሱ ድርጅት ሥራ ነው።

ማማውን ግን መጀመሪያ ያሰበው እሱ አልነበረም። በ1884 ሐሳቡን በወረቀት ላይ ያወጡት እሱ ዘንድ ተቀጥረው የሚሠሩ ሁለት መሐንዲሶች፣ ሞሪስ ኬሽለንና ኤሚል ኑጊዬ ናቸው። አርክቴክቱ ስቴፋን ሶቬስትር አሳመረው። ኤፍል መጀመሪያ ብዙም አልጓጓም ነበር፤ በኋላ ግን መብቱን ገዛ። ስሙ የእሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለአለቃ ኮድ እየጻፉ የሚያድሩ ወዳጆቼ ይህቺን ነገር በደንብ ያውቋታል!

ግንባታው በጥር 1887 ተጀመረ። በወሩ የፓሪስ ዝነኛ ደራስያንና አርቲስቶች፣ ጊ ደ ሞፓሳንን ጨምሮ፣ በጋዜጣ የተቃውሞ ደብዳቤ አወጡ። ለእነሱ ከተማዋን የሚያበላሽ፣ ጥቅም የሌለው ቁልል ብረት ነበር። ሥራው አልቆመም። ከ18 ሺህ በላይ የብረት ክፍሎች በ2.5 ሚሊዮን ሪቬት ተያይዘው፣ 7,300 ቶን ገደማ ብረት በሁለት ዓመት ከሁለት ወር 300 ሜትር ወጣ። የዓለም ኤግዚቢሽኑ ግንቦት 6 ቀን 1889 ተከፈተ። እኛ አገር ምኒልክና ጣልያን የውጫሌን ውል ከተፈራረሙ አራት ቀን ብቻ ሆኖት ነበር።

ወጪውን በአብዛኛው የሸፈነው ኤፍል ነው። በምላሹ የመግቢያ ገቢውን ለሃያ ዓመት እንዲሰበስብ ተፈቀደለት። ከዚያ ማማው የከተማዋ ይሆናል፤ ከፈለገች ታፈርሰዋለች። የኤግዚቢሽኑ ሕዝብ ሲበተን የጎብኚው ቁጥርም ወረደ።

ይባስ ብሎ የፓናማ ጉዳይ መጣ። ኤፍል ለፓናማ ቦይ የውኃ በሮች ሊሠራ ውል ገብቶ ነበር። የቦዩ ኩባንያ ሲከስር የብዙ ሺህ ሰው ቁጠባ አብሮ ጠፋ። በ1893 ፍርድ ቤት በእሱም ላይ የሁለት ዓመት እስራትና የገንዘብ ቅጣት ፈረደ። ሰበር ሰሚው ችሎት ጉዳዩ በይርጋ የታገደ ነው ብሎ ፍርዱን ሻረው። ያም ሆኖ ስሙ ቆሽሿል፤ ዕድሜው 60 ሆኗል፤ ከንግዱም ወጣ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት ነው። ሰውየው ስለ ትናንት ክብሩ ሲያወራ አልኖረም። ይህ ብረት ሌላ ምን ይሠራል ብሎ ነው የተነሳው። ጫፉ ላይ የአየር ጠባይ መለኪያዎች ነበሩ፤ ጥናቱን ገፋበት። ከማማው ላይ ዕቃ እየጣለ የአየርን ተቃውሞ ለካ። በ1909 ንፋስን በማሽን እያስነፈሰ የአውሮፕላን ክንፍ የሚፈትሽበትን ላቦራቶሪ ማማው ሥር ሠራ። ገመድ አልባ ቴሌግራፍ ሲመጣ ደግሞ ማማውን ለጦር ሠራዊቱ አቀረበ፤ ወጪውንም ልሸፍን አለ። ጉስታቭ ፌሪዬ የሚባል መኮንን አንቴናውን ዘረጋ። የሃያ ዓመቱ ጊዜ ሲያልቅ ማማው ለማፍረስ የማይመች የሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ ነበር። ፈቃዱ ከ1910 ጀምሮ ለ70 ዓመት ታደሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የጠላትን መልእክት ጠለፈ። ኤፍል ይህን ሁሉ አይቶ በታኅሣሥ 1923 በ91 ዓመቱ አረፈ።

እውነቱን ለመናገር፣ ኤፍል ሀብታም ነበር። የቤት ኪራይ የደረሰበት፣ እናቱ ከደሴ ወይም ከጎንደር የምትደውልለት ሰው ቁጭ ብሎ ንፋስ ለመለካት ጊዜ የለውም። ለሊፍት ለሚያሽከረክር መሐንዲስ የኤፍልን ታሪክ ተርኮ በርታ ማለት ቀልድ ነው የሚሆነው። ሥራ ያለን ሰዎች ስልካችንን አንስተን ልናገናኘው ይገባል።

ግን አንድ ነገር እወስዳለሁ። ማማውን ያዳነው ውበቱ አይደለም፤ የሠሪው ዝናም አይደለም። እኛም እዚህ አገር ይዘነው የመጣነው ማዕረግ ጊዜው የተወሰነ ፈቃድ ነው። የመሠረትናቸው ማኅበራትም እንደዚያው ናቸው። የሚያድሰው በእጃችን ያለው ዕውቀት ዛሬ ለማን እንደሚጠቅም መጠየቅ ነው። ኤፍል ጥያቄውን የጠየቀው ፈቃዱ ሳያልቅ ነበር፤ እኛም ቀኑ ሳይደርስ ብንጠይቅ መልካም ነው።

ቸር ይግጠመን።