ሐርለምን ለኢትዮጵያ ያሰለፉት ሐኪም

ሚያዝያ 27 ሲመጣ በዱር በገደል የተዋጉ አርበኞቻችንን እናነሳለን። ዛሬ ከቆሼ ሆነን የምናስታውሳቸው ግን ኒውዮርክ ላይ የታገሉትን ዶ/ር መላኩ በያንን ነው።

በ1892 ዓ.ም ወሎ ተወለዱ፤ ራስ ተፈሪ ቤት አደጉ። አሜሪካ ተልከው በጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ፣ ሕክምና ተማሩ። ያኔ እዚያ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ነበር የሚኖረው። ሐበሻ ራሱን ከጥቁር አይቆጥርም የሚል ወሬም ይናፈስ ነበር። እሳቸው ግን ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አግብተው ወሬውን በኑሯቸው አፈረሱት።

ጣልያን ሊወረን ሲል አገር ቤት ገቡ፤ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። ንጉሡ ሲሰደዱ አብረው ወጡ፤ ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ተላኩ።

እዚያ ለኢትዮጵያ ካልዘመትን ያሉ ጥቁሮች ብዙ ነበሩ፤ የአገሩ ሕግ ግን ለሌላ መንግሥት መዝመትን ከለከላቸው። ዶ/ር መላኩ ያንን ቁጭት ወደ ሥራ ቀየሩት። ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ፣ ጋዜጣ አሳተሙ፣ እየዞሩ ገንዘብ አሰባሰቡ።

ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም፣ ገና በ40 ዓመታቸው፣ በሳንባ ምች አረፉ። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ። እሳቸው ይህን ቀን አላዩም።

ኋላ ንጉሡ ከጎናችን ለቆሙት ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ መሬት ሲሰጡ በዚሁ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ከቆሼ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ስታልፉ አስታውሷቸው።