የደሴው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስና የ1928 ዓ.ም. ገና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የልደት በዓል ሲቃረብ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ቄጠማው፣ ስለ ድፎው፣ ስለ ዶሮው ነው። ደስታው ተገቢ ነው፤ ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን ጌታችን የተወለደበት ዘመን የሰላም ዘመን አልነበረም። ሀገሩ በሮማውያን እጅ ነበረች። እመቤታችን ለቆጠራው ስትል መውለጃዋ ደርሶ ሳለ ብዙ መንገድ ተጉዛለች። ሄሮድስም ሕፃኑን ለመግደል ሰይፍ አስመዝዟል። መልአኩ በሌሊት ለእረኞቹ አስቀድሞ የነገራቸው እንዳይፈሩ ነበር። እንግዲህ ልደት የመጣው በፍርሃት ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው። ይህን በኑሯቸውም በሞታቸውም ካሳዩን አባቶች አንዱ የወሎው ጳጳስ ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው።

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ነው። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። ትምህርት ፍለጋ ብዙ ሀገር ዞረዋል። ከዞሩባቸውም አንዱ ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ነው፤ በዚያ ከታላቁ ሊቅ ከመምህር አካለ ወልድ እግር ሥር ተቀምጠው መጻሕፍትን ተማሩ። ስለዚህ ለወሎ እንግዳ አልነበሩም፤ ጳጳስ ሆነው ከመምጣታቸው በፊት ተማሪ ሆነው ያውቁታል። መነኵሰው በየገዳማቱ ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ በግንቦት 1921 ዓ.ም. ግብፅ ላይ ከአቡነ አብርሃም፣ ከአቡነ ይስሐቅና ከአቡነ ሚካኤል ጋር ጵጵስና ተሾሙ። ከአባታችን ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳስ ከግብፅ ሲመጣልን ነበርና ኢትዮጵያውያን ለዚህ ማዕርግ ሲበቁ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የአቡነ ጴጥሮስ ሀገረ ስብከት የምሥራቁ ክፍል ሆነ፤ መንበራቸውም ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር።

ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ጣልያን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ጾመ ነቢያት ከገባ ገና ሁለት ሳምንት አልሆነውም፤ ኅዳር 26 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ የፋሽስት አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቧት። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ምእመኑ ጾሙን ይጾማል፣ ሰማዩን ቀና እያለ ይፈራል። ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ ልደት የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። በዚያ ገና የደሴ ሰው ምን ያህል ድግስ ደገሰ ማለቱ ምን ያደርጋል! ጾሙ ግን አልተፈታም፣ በዓሉም አልቀረም። ነቢያት ያልመጣውን ሲጠብቁ የጾሙትን ጾም፣ ያ ሕዝብ በእውነት እንደ ነቢያቱ ሆኖ ጾመው።

የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይህን ሲያነብ የራሱን ጊዜ ማስታወሱ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰ ጊዜ ደሴ ተጠልሎ የነበረው ተፈናቃይ ሳይቀር እንደገና ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ተሰደደ። መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው፣ እሱም በጾመ ነቢያት ውስጥ። ልደት የመጣው ከወር በኋላ ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ ያገኘ፣ ሰው የጎደለበት፣ እንዲያው ግራ ገብቶት በዓሉን የተቀበለ ስንቱ ነው!

ወደ አቡነ ጴጥሮስ እንመለስ። ማይጨው ላይ ጦራችን በመጋቢት ተፈታ። ደሴ በሚያዝያ 7፣ ገና የትንሣኤ ሳምንት ሳያልቅ፣ በጠላት ተያዘች። ጳጳሱ መንበራቸውን ቢያጡም ልባቸውን አልሰጡም። ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደው ከሰላሌ አርበኞች ጋር ሆኑ፤ ሲያበረታቱ፣ ሲባርኩ ከረሙ። በሐምሌ አርበኞቹ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲገቡ አብረው ነበሩ። ውጊያው አልተሳካም፤ አቡነ ጴጥሮስም በጠላት እጅ ወደቁ።

ጣልያኖቹ የፈለጉት ነገር ቀላል ይመስል ነበር። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ለገዢው እንዲያድሩ፣ ሕዝቡም እንዲያድር እንዲያስተምሩ ነው። ይህን ቢያደርጉ ነፍሳቸው ትተርፍ ነበር፤ ክብርም አይቀርባቸውም። እሳቸው ግን እንቢ አሉ። አርበኛውን ሽፍታ አልለውም ብለው፣ ይልቁንም ለወራሪ እንዳይገዛ ሰውንም ምድሪቱንም ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ። ከዚያ ከፈሩበትና ከጾሙበት ልደት ሰባት ወር እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አቡነ ጴጥሮስ ሲሞቱ ጣልያን እንደሚወጣ የሚያሳይ ምንም ነገር በዓይን አይታይም ነበር። ንጉሡ ተሰደዋል፣ ከተማው ተይዟል፣ ውጊያው ከሽፏል። አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ ሚካኤልም ጎሬ ላይ በ1929 ዓ.ም. ተከተሏቸው። ነጻነት የመጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ድፍረታቸው የመጣው ነገሩ ነገ ይስተካከላል ብለው በማስላት አልነበረም። በበረት የተወለደው፣ በሕፃንነቱ ግብፅ የተሰደደው አማኑኤል ከእሳቸው ጋር ነው ብለው ስላመኑ ነው እንጂ።

ሥጋቸው የት እንዳረፈ እንዳይታወቅ ጠላት በስውር ቀበራቸው። ሐውልታቸው ግን አዲስ አበባ ላይ ቆሟል። ለባቡር መንገድ ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል።

የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ በረከት ይደርብን፤ አሜን።