አስናቀች ወርቁ፦ ባለ ክራሯ ተዋናይ



ባለፈው የበዓል ዝግጅታችን ላይ የቀረበው አጭር ድራማ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ልጇ የሞተባትን እናት ሆኖ የተጫወተው ነጠላ የተከናነበ ወንድ ሰልጣኝ ነበር። እናት ደረቷን እየመታች ስታለቅስ አዳራሹ በሳቅ አወካ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ እሱማ የቻለውን ሁሉ አድርጓል። ከእህቶቻችን አንዷ እንኳ ብትነሳ ኖሮ ያ ሳቅ ዕንባ ይሆን ነበር። ለምን እንዳልተነሱ ስንጠይቅ የምናገኘው ምክንያት አንድ ነው፤ አዝማሪ መባልንና የስም መጥፋትን ይፈራሉ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፣ ይህ ሐሜት ከዛሬው በባሰበት ዘመን መድረክ ላይ ወጥታ ዕድሜዋን የሰጠችውን የአስናቀች ወርቁን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ይዘን ቀርበናል።

አስናቀች የተወለደችው በ1927 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ገና ነፍስ ሳታውቅ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረ። እናቷንም በሕፃንነቷ ሞት ስለነጠቃት በሰው እጅ አደገች። የሚደግፋት ወገን ያልነበራት ልጅ እንደነበረች ልብ እንበል። ኋላ ላይ ያገኘችውን ስም የሰጣት ዘመድ ወይም ሀብት አልነበረም፤ ሥራዋ ነው።

እሷ ወደ መድረክ በመጣችበት ጊዜ የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ገና ልጅ ነበር። የመጀመሪያው የተባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮመዲያ የታየው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሲሆን፣ ትችቱ ስላልተወደደ ቴአትር ታገደ። ከዚያም በኋላ ቴአትር ሲጀመር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት እንደኛው ጓደኛ ነጠላ የተከናነቡ ወንዶች ነበሩ። እንግዲህ እኛ ባለፈው ያደረግነው አዲስ ነገር አይደለም፤ የድሮውን መድገማችን ነው!

አስናቀች በ1940ዎቹ መድረክ ላይ ስትወጣ ይህንን ልማድ ከሰበሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ሆነች። በ1948 ዓ.ም. ንጉሡ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ይህ ቤት ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ነው። አስናቀችም በዚህ ቤት ለብዙ ዓመታት ተዋናይ፣ ዘፋኝና ተወዛዋዥ ሆና አገልግላለች። ተመልካች አስኒ እያለ በቁልምጫ ይጠራት ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ስሟ ከክራር ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ክራር ምን ይባል እንደነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በገና የእግዚአብሔር ማመስገኛ ሲባል፣ ክራር የሰይጣን መሣሪያ ይባል ነበር። በከተማም የጠጅ ቤት ዕቃ ተደርጎ ይታያል። ታዲያ ተዋናይ መሆን አንድ ስም የሚያስወጣ ከሆነ፣ ሴት ሆኖ ክራር መያዝ ሁለተኛ ስም ያስወጣ ነበር ማለት ነው። ከእሷ የምትቀድመው ሜሪ አርምዴም በዚሁ መንገድ ያለፈች ባለ ክራር ናት። አስናቀች ክራሩን ይዛ ብሔራዊ ቴአትርን በመሰለ ትልቅ መድረክ ላይ ስትቀመጥ፣ የተናቀው ዕቃ ከእሷ ጋር አብሮ ከበረ።

ግጥሟን በአብዛኛው የምታወጣው ራሷ ነበረች። እንደ ጥንቱ ባለ ቅኔ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት ስትዘፍን ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ ቃል ትጠቀማለች። ተረቡንም ታውቅበታለች፤ የነካት ሰው መልሱን በዜማ ይቀበላል። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ክራር ከሚቃኝባቸው አራቱ ቅኝቶች ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ውስጥ ሁለቱ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው አስናቀች ክራሯን ስትቃኝ የኛንም አገር ስም ትጠራ ነበር ማለት ነው። እኛው ግን ያንኑ ክራር መያዝ እናፍራለን!

በ1960ዎቹ የተቀረጹት ዘፈኖቿ ከብዙ ጊዜ በኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ዝግጅት 16ኛ ቁጥር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ አገር እንደገና ታተሙ። በዚህም አማርኛ የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ሰማት። እሷ ግን በመጨረሻ ዓመታቷ ጤናዋን አጥታ የአልጋ ቁራኛ ሆነች። ያ ሲወዛወዝ የኖረ ሰውነት ታሰረ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። ስለ ሕይወቷ የተሠራው አስኒ የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013፣ እሷ ካረፈች በኋላ ነው። ሰውን በሕይወት ሳለ ማክበርን ገና አልለመድንም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በኛ በራያ ቆላ፣ ከዞብል እስከ ጎብዬ፣ ማሽላ ስትጠብቅ የማታንጎራጉር ልጃገረድ አለች እንዴ? ሠርግ ቤት ከበሮ ይዛ የምታወጣ ሴትስ ጎበዝ ተብላ ትመሰገን የለም ወይ? ያችው ልጅ መድረክ ላይ ስትወጣ አዝማሪ ተብላ መናቋ ምን ፍርድ ነው? አዝማሪነትስ ራሱ ሙያ እንጂ ስድብ ነው ወይ?

ነገ ተመርቀን በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ፊደሉንና ቁጥሩን በዜማና በጨዋታ የምናስተምር እኛው ነን። አስተማሪዋ ያፈረችበትን ነገር ተማሪዋ ልጅ አትደፍረውም። እኛ ወንዶችም ብንሆን ተጠያቂዎች ነን፤ ያንን ስም የምናወጣውና ከኋላ ሆነን የምናሽካካው እኛ አይደለንም እንዴ?

የዓመቱ መዝጊያ በዓል ደርሷል። ድራማው እንደገና ይቀርባል፤ የእናቲቱ ቦታ አሁንም ባዶ ነው። የኪነት ክበቡ መዝገብም ክፍት ነው። በሚቀጥለው እትማችን የተመዘገበችውን እህታችንን ስም በዚሁ ሰሌዳ ላይ በትልቁ እንደምንጽፍ ተስፋ እናደርጋለን።