ሉዊ ካሚይ ማያር፦ ከቡና ምጣድ እስከ ስኳር ታማሚ ልብ

በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በሌሎች የሕክምና ተቋማት የስኳር ሕመምን ለሚከታተል ሐኪም ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ የተባለው ምርመራ እንግዳ አይደለም። ምርመራው የሚለካው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሂሞግሎቢን ምን ያህሉ ከስኳር ጋር እንደተጣበቀ ነው። የዚህን መጣበቅ ኬሚካዊ መሠረት ከመቶ ዓመት በፊት የገለጡት ሰው ስም ግን በሕክምናው መስክ እምብዛም አይወሳም። ይህ አጭር ጽሑፍ የእኒህን ተመራማሪ ሕይወት ይቃኛል፤ ሥራቸው ለልብ ፕሮቲኖች ጥናት ያለውንም ፋይዳ ያመለክታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ካሚይ ማያር በ1878 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ፖንታ ሙሶን በተባለች ከተማ ተወለዱ። በናንሲ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስን ካጠኑ በኋላ በ1903 በሕክምና የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለው በዚያው የሕክምና ትምህርት ቤት በኬሚስትሪ ክፍል ማገልገል ጀመሩ። የዩሪያ አፈጣጠርና የኩላሊት ሕመም ካተኮሩባቸው ጉዳዮች መካከል ነበሩ።

ማያር አሚኖ አሲዶች ተያይዘው ፕሮቲን የሚሠሩበትን መንገድም ይመረምሩ ነበር። በመጀመሪያ አሚኖ አሲዶችን በግሊሰሪን አማካይነት ለማያያዝ ሞከሩ፤ ቀጥሎም በግሊሰሪኑ ፋንታ ስኳርን ተጠቀሙ። ድብልቁ ሲሞቅ ግን የሚፈለገው ሰንሰለት በመገኘት ፋንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተለቀቀ ፈሳሹ ቡናማ ሆነ። ተመራማሪው ይህን እንደ ከሸፈ ሙከራ አልጣሉትም። በ1912 ውጤቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያቀርቡ ለሰው ልጅ ጤናና ሕመም ጥናትም እንደሚጠቅም አመለከቱ። ቡና በምጣድ ሲቆላ የሚጠቁረው፣ የድፎ ዳቦ ገጽም የሚቀላው በአመዛኙ በዚሁ ሂደት ነው።

በ1914 ወደ ፓሪስ ተዛወሩ፤ በ1919 ደግሞ በአልጀርስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወትና የሕክምና ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ግንቦት 12 ቀን 1936 ፓሪስ ውስጥ በውድድር ዳኝነት ላይ ሳሉ በድንገት አረፉ። ግኝታቸው በሕክምናው ዓለም ሥፍራውን ሲይዝ ለማየት አልታደሉም። የምግብ ኬሚስቱ ጆን ሆጅ የሂደቱን ደረጃዎች በ1953 በሥርዓት አስቀመጡ፤ ሳሙኤል ራህባር ደግሞ በ1968 ቴህራን ውስጥ በስኳር ታማሚዎች ደም የተለየ ሂሞግሎቢን አገኙ። ስኳርና ፕሮቲን በምጣድ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰውነት ሙቀትም፣ ያለ ኢንዛይም እርዳታ በዝግታ እንደሚጣበቁ በዚህ መንገድ ታወቀ።

የቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ 120 ቀን ያህል በመሆኑ ኤዋንሲ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር መጠን ያሳያል። በልብ ግድግዳ ውስጥ ያለው ኮላጅን ግን በዝግታ የሚታደስ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ በላዩ የሚጠራቀመው ስኳር ውሎ አድሮ ወደ ኋላ ወደማይመለሱ ውህዶች ይለወጣል፤ እነዚህም የኮላጅንን ክሮች እርስ በርስ ያቆላልፋሉ። ግድግዳው ሲደድር ልብ በሚገባ ላልቶ ደም ለመቀበል ይቸገራል። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ካልሲየምን የሚያመላልሱ የልብ ፕሮቲኖችም እንደሚጎዱ አሳይተዋል። በአሜሪካ የተካሄደው የፍራሚንግሃም ጥናት በ1974 ባወጣው ውጤት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ወንዶች ለልብ ድካም የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች ወንዶች 2 እጥፍ ያህል፣ የሴቶቹ ደግሞ 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ጉዳቱን ሁሉ ለማያር ሂደት ብቻ መስጠት ስሕተት ይሆናል። የደም ግፊት፣ የልብ ደም ሥሮች መጥበብና የስብ አጠቃቀም መዛባትም ድርሻ አላቸው። የኮላጅንን ቁልፍ ይፈታል ተብሎ የተሞከረው አላጌብሪየም የተባለ መድኃኒት በ2011 በወጣ ጥናት የልብ ድካም ታማሚዎችን አቅም አላሻሻለም። ኤዋንሲ ራሱም የቀይ የደም ሕዋስን ዕድሜ በሚለውጥ የደም ማነስ ጊዜ ሊያሳስት ይችላል፤ ይህም የደም ማነስና ወባ በሚታይባት አገራችን ቸል ሊባል የማይገባው ነው።

የማያር ሕይወት ለወጣት ተመራማሪ የሚያስተምረው ያልጠበቁትን ውጤት በትዕግሥት መዝግቦ ማቅረብን ነው። እርሳቸው የፕሮቲንን አሠራር ፍለጋ ጀምረው የፕሮቲንን መበላሸት አገኙ። የተበላሸውን የልብ ፕሮቲን እንዴት መታደግ ይቻላል የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም መልስ ይጠብቃል።